"ጩኸት ነው" ለሚሉን

"የዘመኑ ክላሲካል ሙዚቃ ጩኸት ነው" የሚል ወዳጅ የሌለው ማን አለ? እኔ ግን "የትኛው?" እለዋለሁ። እስቲ አንዲት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1976ን ብቻ እንውሰድ።

ኒውዮርክ ላይ የስቲቭ ራይክ "ሙዚቃ ለ18 ሙዚቀኞች" ተሰማ፤ ምቱ ሳይነጥፍ አንድ ሰዓት ያህል ይፈሳል። (ራይክ በ1970 ጋና ሄዶ ከበሮ መማሩን ልብ ይሏል።) ኢስቶኒያዊው አርቮ ፔርት ከዓመታት ዝምታ በኋላ "ለአሊና"ን ለፒያኖ ጻፈ፤ ድምፁ እንደ ሩቅ ደወል ጠብ ይልና ዝምታ ይውጠዋል። ፖላንዳዊው ሄንሪክ ጉሬትስኪ ሦስተኛ ሲምፎኒውን ጨረሰ፤ ሙሾ ነው ማለት ይቻላል። በ1992 የወጣው ቅጂ ከሚሊዮን በላይ ሲሸጥ "ይህማ ቀላል ነው" ብለው የናቁት ሐያስያን ነበሩ። ልብ መንካት ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ?

በዚያው ዓመት የጀርመናዊው ሄልሙት ላኸንማን "አካንቶ" ቀረበ። እዚህ ክላሪኔቱ አያዜምም፤ ይተነፍሳል፣ ቁልፎቹ ይንኳኳሉ። የሞዛርት የክላሪኔት ኮንቼርቶ በቴፕ በስውር ይሄድና አንዳንዴ ብቻ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ወዳጄ "ጩኸት" የሚለው ይህንን ከሆነ አልፈርድበትም፤ እኔም ወድጄዋለሁ አልልም። ይሁንና ያቺ ብልጭታ ስትጠፋ የሚናፍቀኝ ሞዛርት ነው ወይስ የለመድኩት ነገር? ፔርትም ሆነ ራይክ ይህን አልጠየቁኝም።