ከእጅ የማይሻል ዶማ? ስለ ቅይጥ እውነታ መነጽሮች



በማሪና አካባቢ ከሚኖሩ ወላጆች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። ይኸውም «ልጆቻችን በራስ ላይ የሚታሰረውን አዲሱን መነጽር ግዙልን እያሉ ያስጨንቁናል፤ ማስታወቂያውም ለትምህርት፣ ለሥራና ለቤት ይጠቅማል ይላል፤ እውነት ለዕለት ኑሮ የሚበቃ ጥቅም አለው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳል ክሊታው አልቆበት የቤት ኪራይና አርኖና የሚያሰላ አዲስ ገቢ ቤተሰብ በታሽሉሚም የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ከወር ቀለቡ ላይ የሚነሳ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ወይም ፊልም እንደሚገመገም ሁሉ ይህንንም ዕቃ በሂስ ዓይን ልንመረምረው ወደናል።

ዕቃው ምንድን ነው?

ስሙ መነጽር ይባል እንጂ እንደ ዓይን መነጽር አሳልፎ የሚያሳይ አይደለም። የፊትን እኩሌታ ይሸፍናል። በውጭ በኩል ያሉት ካሜራዎች ክፍሉን ይቀርጻሉ፤ በውስጥ በኩል በእያንዳንዱ ዓይን ፊት ያለችው ትንሽ ስክሪን ያንኑ ምስል ወዲያው ታሳያለች፤ ኮምፒዩተሩም በምስሉ ላይ በክፍሉ ውስጥ የሌለ ነገር ይጨምርበታል። ስለዚህ ያጠለቀው ሰው የገዛ ጠረጴዛውን እያየ በጠረጴዛው ላይ የሌለ ቴሌቪዥን ያያል። እውነተኛው ከምናባዊው ጋር ስለተደባለቀ «ቅይጥ እውነታ»፣ በፈረንጆቹ አጠራር «ሚክስድ ሪያሊቲ» ይሉታል። ስያሜው የታወቀው ፖል ሚልግራምና ፉሚዮ ኪሺኖ በ1994 ባወጡት ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያም ይቀድማል። አሜሪካዊው ኢቫን ሰዘርላንድ በ1968 ያሳየው መሣሪያ ከጣራ ጋር በብረት ክንድ የተያያዘ ነበር።

ዛሬ ልጆቻችን በስም የሚጠሩልን በተለይ ሁለቱን ነው። አንደኛው በኦክቶበር 2023 በ499 ዶላር የወጣው የሜታ ኩባንያ ኩዌስት 3 ሲሆን፣ ርካሽ የሆነው ታናሹ ኩዌስት 3ኤስ በ2024 በ299 ዶላር ተከትሎታል። ሁለተኛው በፌብሩዋሪ 2024 በአሜሪካ በ3,499 ዶላር ለገበያ የቀረበው አፕል ቪዥን ፕሮ ነው። እነዚህ ኩባንያዎቹ በአሜሪካ የተመኑት ዋጋዎች ናቸው። ወደ አገራችን ሲገባ ማጓጓዣው አለ፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 18 በመቶ የሆነው ማዓምም አለ።

ያየነው መልካም ነገር

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ከአንድ የማኅበራችን አባል ቤት አንድ ኩዌስት 3 ተውሰን ለጥቂት ምሽቶች በየተራ ሞከርነው። ዕቃው አያስደንቅም ብንል ዋሾዎች እንሆናለን። ወጣቶቻችን በባዶ ክፍል ውስጥ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫውተው በላብ ተጠምቀዋል። በስልክ ላይ አጎንብሶ ከመዋል ይህ በእርግጥ ይሻላል። የጎንደሩን የፋሲል ግንብ ዙሪያውን የሚያሳይ ምስል ስንከፍት ደግሞ ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፉት እናት አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ተመለከቱ፤ ድንጋዩንም ለመንካት እጃቸውን ዘረጉ። መነጽሩን ሲያወልቁ ግን የተናገሩት ቃል ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጥ አስተማረን፤ «ግንቡስ አለ፤ ሰላም የምለው ሰው ግን የለበትም» አሉን።

የአንድ ቀን ፈተና

ግርምት ሌላ ነው፤ ጥቅም ሌላ። አባቶቻችን ሥራ የማያቀልለውን መሣሪያ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይሉታል። መለኪያችንም ይኸው ነው፤ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ በእጃችን ያለው ነገር አይሠራውም ወይ? ይህን ለማወቅ አንድ ተራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እንውሰድ።

ጠዋት ከቢቱዋህ ለኡሚ በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ እንበል። መነጽሩን አጥልቀን ደብዳቤውን ስናየው ደቃቁ ጽሑፍ በካሜራው ውስጥ ደበዘዘብን። ለማንበብ መነጽሩን ወደ ግንባራችን ገፋ ማድረግ ነበረብን። ስልካችን ግን ደብዳቤውን አጥርቶ ያነሳል። የጎግል የትርጉም አገልግሎትም ከ2016 ጀምሮ አማርኛን ጨምሯል። ትርጉሙ ፍጹም ባይሆንም ለኡልፓን አስተማሪያችን ወይም ዕብራይስጥ ለሚችል ልጃችን የምናቀርበውን ጥያቄ ያዘጋጅልናል።

ከዚያ ከቤት መውጣት አለ። መነጽሩ እዚህ ላይ ይቀራል። አምራቹ ራሱ በቤት ውስጥ ብቻ ተጠቀሙበት ይላል፤ የፀሐይ ብርሃን ሌንሱን እንዳይነካውም ያስጠነቅቃል። ምክንያቱም ሌንሱ እንደ ማጉያ መነጽር ጨረሩን ሰብስቦ የውስጡን ስክሪን ሊያቃጥለው ይችላል። በአሽቀሎን የበጋ ፀሐይ በማሪና ዳርቻ፣ ከጀልባዎቹ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጦ ለአፍታ መርሳት ዕቃውን ለማበላሸት ይበቃል። አብዛኛው ኑሯችን ደግሞ ከቤት ውጭ ነው፤ አውቶቡስ መጠበቅ፣ ገበያ፣ ሥራ፣ ኩፓት ሆሊም።

ማታ ቤት ስንመለስስ? ኩዌስት 3 ክብደቱ 515 ግራም ነው፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር በግንባር ላይ ማሰር ማለት ነው። ቪዥን ፕሮ ሲወጣ ከ600 እስከ 650 ግራም ይመዝን ነበር፤ ባትሪው በገመድ ተያይዞ በኪስ የሚያዝ ስለሆነ በዚህ ክብደት ውስጥ አልተቆጠረም። ሁለቱም በአንድ ሙሌት የሚሠሩት ለሁለት ሰዓት ያህል ነው። ቡናው በጨዋታ ከተራዘመ በረካው ሳይደርስ ባትሪው ያልቃል።

ማስታወቂያ የማይነግረን ሌላም ነገር አለ። ማሰሪያው ሹሩባ በተሠራ ፀጉር ላይ አልቀመጥ አለ። ሻሽ ያሰሩ እናቶቻችንም ወይ ሻሹን መፍታት ወይ መነጽሩን መተው ነበረባቸው። የዓይን መነጽር ለሚያደርግ ሰው አፕል ለብቻው የሚገዛ ሌንስ አዘጋጅቷል፤ ሲወጣ ዋጋው ለንባብ ብቻ የሚሆነው 99፣ በሐኪም የሚታዘዘው 149 ዶላር ነበር። ዕቃውን ያቀዱት ሰዎች በየትኛው ራስ ላይ እንደለኩት ከዚህ መገመት ይቻላል።

ጎንደር ያለችው እህት

ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከመካከላችን ወንድም ወይም እህት፣ አንዳንዴም የገዛ ልጅ በጎንደርና በአዲስ አበባ ሆኖ ወደ እስራኤል የሚመጣበትን ቀን የሚጠብቅበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ማስታወቂያው «ሩቅ ያለ ዘመድ በአጠገባችሁ ይቀመጣል» ሲል የሚነካው ይህንኑ ቁስል ነው፤ ብዙ ወላጆችም ለመግዛት የሚፈተኑት በዚህ ነው።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ይገባል። ዘመድ በአጠገባችን የተቀመጠ መስሎ እንዲታይ እሱም ተመሳሳይ መነጽር፣ ፈጣን ኢንተርኔትና የማይቋረጥ መብራት ያስፈልገዋል። ጎንደር ያለችው እህት ያላት ስልክ ነው። ስልኳ ሲደወል ፊቷን እናያለን፤ እሷም ፊታችንን ታያለች። እኛ መነጽር አጥልቀን ብንደውልላት ግን ፊታችን ተሸፍኗል። ቪዥን ፕሮ በዚህ ጊዜ የሚልከው አስቀድሞ ፊትን ቀርጾ በኮምፒዩተር የሠራውን አምሳያ ነው። ለዓመታት ያልተያየ ሰው የሚናፍቀው አምሳያ አይደለም። የእናቱን መክሳት፣ የወንድሙን ሽበት፣ የእህቱን እንባ ማየት ይሻል። በዚህ ሥራ ርካሹ ስልክ ውዱን መነጽር ይበልጠዋል። ለመነጽሩ የታሰበው ገንዘብ ለእህት ቢላክ ደግሞ ጥቅሙን ለማስረዳት ሂስ ጸሐፊ አያስፈልግም።

ፊትና ጆሮ

በቤታችን ሥርዓት ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ይባላል፤ ዓይን ለዓይን ተያይቶም ሰላምታ ይሰጣል። አፕል ይህን ችግር ተረድቶ በመነጽሩ ውጫዊ ገጽ ላይ የባለቤቱን ዓይኖች ምስል የሚያሳይ ስክሪን አድርጎበታል። ብልሃቱን እናደንቃለን። ነገር ግን አያቱን በዓይን ምስል የሚቀበል ልጅ ማሳደግ አንፈልግም።

ሁለተኛው ጉዳይ የነፍስ ጉዳይ ነው። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ አሽቀሎን ምን እንደደረሰባት ለማንም መንገር አያስፈልግም። አዛካ ሲሰማ ያለን ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ማማድ በሌላቸው የድሮ ሕንፃዎች የሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ወደ ደረጃው ወይም ወደ መጠለያው መሮጥ አለበት። የመነጽሩ ድምፅ ማጉያ ጆሮን አይዘጋም፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ድምፁን ከፍ አድርጎ በጨዋታ የተዋጠ ልጅ አዛካውን እስኪሰማ፣ ማሰሪያውን እስኪፈታና የት እንደቆመ እስኪያስታውስ የሚያልፈው ጊዜ ውድ ነው። ስለዚህ ልጅ ብቻውን በክፍል ውስጥ መነጽሩን አጥልቆ እንዳይተው አጥብቀን እናሳስባለን።

ዋጋውን የሚያወጣበት ሥራ

ታዲያ ዕቃው ከንቱ ነው ወይ? አይደለም። እዚሁ እስራኤል የተመሠረተው ኦግሜዲክስ የተባለ ኩባንያ ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የሚሆን መነጽር ሠርቶ በዲሴምበር 2019 የአሜሪካን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ አግኝቷል። ሐኪሙ ቆዳውን ሳይገልጥ አጥንቱ የት እንዳለ በበሽተኛው ገላ ላይ ተስሎ ያያል፤ ዓይኑንም ከበሽተኛው ወደ ስክሪን ማመላለስ አይኖርበትም። ይህ ከእጅ የሚሻል ዶማ ነው። ሥራው የተወሰነ፣ ሰዓቱ የተለካ፣ ያጠለቀውም የሠለጠነ ሰው ነውና።

ያለፈው ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ጎግል ግላስ የተባለው መነጽር በ2013 በ1,500 ዶላር ሲወጣ ለመንገድና ለቤት ታስቦ ነበር፤ በጃንዋሪ 2015 ለሕዝብ መሸጡ ቆመ። ለሥራ ቦታ የተዘጋጀው ዓይነት ግን እስከ 2023 ቆየ። ማይክሮሶፍትም ሆሎሌንስ የተባለውን በይበልጥ ለፋብሪካና ለሐኪም ቤት ሲሸጥ ኖሮ በ2024 ማምረቱን አቆመ። እንግዲህ በሥራ ቦታ እንኳ መቆየት ካቃተው ዕቃ በሳሎናችን ብዙ መጠበቅ አይገባንም። የሜታ የመነጽር ክፍል በ2024 ብቻ 17.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከስሯል። ትልቅ ኩባንያ እንዲህ ያለውን ኪሳራ ይችለው ይሆናል። የአንድ አዲስ ገቢ ቤት ግን አንዱንም መነጽር ያለሥራ ተቀምጦ ማየት አይችልም።

ፍርዳችንና ምክራችን

በአጭሩ፣ መነጽሩ እንደ ጨዋታ መልካም ነው፤ በሠለጠነ ሰው እጅ እንደ ሥራ መሣሪያም ክቡር ነው፤ እንደ ዕለት ዕቃ ግን ዛሬ ከእጅ የማይሻል ዶማ ነው። «ነገ ይሻሻላል» የሚለው ተስፋም እስኪጨበጥ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በእርግጥ ቀለል ያሉ መነጽሮች መምጣት ጀምረዋል። ሜታ ከሬይ ባን ጋር ሆኖ በሴፕቴምበር 2025 በአሜሪካ በ799 ዶላር ያወጣው ባለስክሪን መነጽር 69 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ የሚያሳየው ግን በአንድ ዓይን በኩል ያለች ትንሽ ስክሪን ብቻ ነው። አምራቾቹ ራሳቸው ወደ ቀላሉ እየዞሩ ሳለ እኛ ከባዱን ለመግዛት የምንቸኩልበት ምክንያት አይታየንም።

ለወላጆች የምንመክረው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ለልጁ «ለየትኛው ሥራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ለሁሉም» ካላችሁ ለምንም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ዕድሜን ጠብቁ። አፕል ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ አይፈቅድም፤ ሜታም ከ2023 ጀምሮ ከ10 እስከ 12 ዓመት ለሆኑት የፈቀደው በወላጅ ቁጥጥር በሚከፈት አካውንት ነው።

ሦስተኛ፣ በራሳችሁ ፀጉርና በራሳችሁ ሻሽ ላይ ሳትሞክሩ በታሽሉሚም አትፈርሙ።

አራተኛ፣ ትምህርት ቤት ወይም የሙያ ሥልጠና መነጽሩን ይፈልጋል ከተባለ፣ ዕቃውን ማቅረብ ያለበት ሥልጠናውን የሚሰጠው ክፍል እንጂ የተማሪው ቤተሰብ እንዳልሆነ በትሕትና፣ ግን በጽናት ንገሩ። ልጆቻችን ሊያዩት የሚገባ ዕቃ ስለሆነ በየሰፈሩ ማትናስ አንድ ሁለት መነጽር ቢኖርና በሰዓት ቢሞክሩት እንወዳለን። እንዲያውም ከማየት አልፈው አሠራሩን እንዲማሩ ማድረግ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ወጣቶቻችን የዚህን ጽሑፍ አሳጥረን ያቀረብነውን በዕብራይስጡ ገጽ ያገኙታል። ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡትና ተከራከሩበት፤ የማትስማሙ ካላችሁም ምክንያታችሁን በአማርኛ ወይም በዕብራይስጥ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።