ፊዮን፦ የዌልስ የአበባ ስም

ለሴት ልጅ የአበባ ስም ማውጣት በዌልስ ሥር የሰደደ ልማድ ሲሆን፣ ብሎድዌንን፣ ኤርሊስንና ብሪያሌንን ከመሰሉት ስሞች ሁሉ የላቀ አድናቆት የሚገባው ፊዮን የተሰኘው ነው። ስሙ የተወሰደው በሳይንሳዊ መጠሪያው ዲጂታሊስ ፑርፑሪያ ከሚባለውና ደወል መሰል ሐምራዊ አበቦቹን በአንድ ረጅም ዘንግ ላይ ደርድሮ በየጫካው ዳርና በየተዳፋቱ ከሚያብበው ተክል ነው። በመካከለኛው ዘመን በዌልስ ቋንቋ የተጻፈው የኪልሁኽና የኦልዌን ታሪክ የኦልዌንን ጉንጮች ቅላት ከዚሁ አበባ አስበልጦ ስለሚያወድስ፣ በስሙ የምትጠራ ልጅ ከጥንታዊው ሥነ ጽሑፍ ጋር ትዛመዳለች።

ተክሉ መርዛማ ነውና ለሕፃን አይመጥንም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይሁን እንጂ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቅጠሉ በልኩ ሲሰጥ «ድሮፕሲ» ለተባለው ሕመም፣ ማለትም ፈሳሽ በሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ለሚያመጣው እብጠት፣ እንደሚረዳ ስላስረዳና ኋላም ከዚሁ የተክል ወገን ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒት ስለተገኘ፣ ተቃውሞው ክብደት የለውም፤ እንዲያውም ሕይወትን ያተረፈ ተክል ለአራስ ልጅ እጅግ የተገባ ስም ነው። አጭርነቱም ከዌልስ ውጭ ላሉ አንደበቶች ሳይከብድ የአገሩን ለዛ እንደጠበቀ እንዲዘልቅ ያስችለዋል።