ተራና ድል፤ ስለ ስልት ጨዋታዎች የተጫዋቾች አስተያየት

ስለ ጨዋታ መጻፍ ሥራ የፈታ ሰው ሥራ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰው ምን እንደሚጫወት ብቻ ሳይሆን ስለሚጫወተው ነገር ምን እንደሚል መመርመር ከቁም ነገር የራቀ አይደለም። ሰው በሥራው ላይ ሲፈርድ ይጠነቀቃል፤ በጨዋታው ላይ ሲፈርድ ግን የልቡን ይናገራል። «ይህ ድል የሚገባ ነው፤ ያኛው ግን ማታለል ነው» ሲል ስለ ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ስለ ፍትሕ፣ ስለ ጊዜና ስለ ክብር ያለውን አሳብ ይገልጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ተራ በተራ የሚካሄዱ የስልት ጨዋታዎች በቪዲዮ መልክ ተሠርተው በወጡ ጊዜ ተጫዋቾች የሰጧቸውን አስተያየቶች መመዘን ነው። ለመመዘኛ የምጠቀመው ግን ከውጭ የመጣውን መለኪያ ብቻ አይደለም። በአገራችን ይጫወቱት የነበረውን ሰንጠረዥንና በአዊ ሜዳ እስከ ዛሬ የሚታየውን ጉግስ አብሬ አቀርባለሁ። ስለ ውጭ አገር ነገርና ስለ መጻሕፍት የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

በተራ የሚካሄድ የስልት ጨዋታ የምንለው፣ ተጫዋቹ ጥቂት ወታደሮችን ወይም ጀግኖችን በመደብ በተከፋፈለ ሜዳ ላይ አሰልፎ፣ አስቦና መርጦ ካንቀሳቀሰ በኋላ እጁን ሰብስቦ የተቃራኒውን እርምጃ የሚጠብቅበት ነው። የእጅ ፍጥነት በዚህ ጨዋታ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ያለው ማሰብ ነው።

በቆሰበር፣ ማለት ዛሬ እንጅባራ በምትባለው ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ የቪዲዮ ጨዋታ ሲባል ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው እግር ኳስን ነው። በፕሌይስቴሽን ቤት ሁለት ሰዎች ይጫወታሉ፤ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ፤ ሒሳቡ የሚከፈለው በጨዋታ ነው፤ አንዱ ሲነሣ ተረኛው ይቀመጣል። ልብ ብለን ካየነው እዚያም ተራ አለ፤ ነገር ግን ተራው ያለው በሰዎቹ መካከል ነው እንጂ በጨዋታው ውስጥ አይደለም። የስልት ጨዋታ ግን ተራውን ወደ ጨዋታው ውስጥ ያስገባዋል። ከዚህም የተነሣ፣ ኳስ የለመደ ሰው ይህን ዓይነት ጨዋታ ሲያይ የመጀመሪያ አስተያየቱ «ይንቀራፈፋል» የሚል ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህን አስተያየት ሰምተው «የዛሬ ወጣት መታገሥ አይችልም» ብለው የሚደመድሙ አሉ። እኔ ግን ፍርዱ የቸኮለ ይመስለኛል። ተራ መጠበቅ መልካም የሚሆነው መቼ ነው? ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባልና። ለዚህ ጥያቄ የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ግሩም መልስ አለው።

ሰንጠረዥ የሚጫወቱት ስምንት በስምንት በሆነ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ሠራዊቱ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላል። ከዛሬው ቼዝ የሚለየው ፈርዝና ፊል አካሄዳቸው አጭር በመሆኑ ብቻ አይደለም። ዋናው ልዩነት በአጀማመሩ ላይ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ የፈለጉትን ያህል እየደጋገሙ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ወረራው የሚያበቃው አንዱ ከሌላው ወገን አንድ ተሰላፊ ሲበላ ነው። ከዚያ ወዲያ ብቻ ተራ በተራ ይሆናል።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። የሰንጠረዥ ተጫዋቾች ተራን የጨዋታ ሁሉ ሕግ አድርገው አልቆጠሩትም። ለመሰለፊያ የሚሆን ጊዜ አለ፤ ሒሳብ የሚከፈልበት ጊዜም አለ። ተራ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ እርምጃ ዋጋ ማስከፈል ሲጀምር ነው። ዋጋ በሌለበት ጊዜ ተራ መጠበቅ ከንቱ ልማድ ይሆናል።

ጉግስም ይህንኑ በሌላ መንገድ ያስረዳል። በቆሰበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ በዓድዋ ዘመቻ የተሰለፉ ፈረሶችና ፈረሰኞች ይታሰባሉ። በጉግስ ጨዋታ አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው እያሳደደ ዘንጉን ይወረውራል፤ ከዚያም አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ይህ ተራ በተራ መሆን ነው። ነገር ግን የሚሸሸው ሰው ተራው እስኪደርስ ሥራ ፈትቶ አይጠብቅም። ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ፣ አንገቱን መልሶ የሚመጣውን ዘንግ ያያል። መጠበቁ ራሱ ችሎታ ነው። ስለዚህ አንድ የስልት ጨዋታ ቀርቦልን «ይንቀራፈፋል» ብንባል፣ መጠየቅ ያለብን «በጠላት ተራ ጊዜ እኔ የምጨነቅለት ነገር አለ ወይ?» ብለን ነው።

በዚህ መመዘኛ አንድ ታዋቂ ክርክር እንመልከት። ፋይራክሲስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ኤክስኮም የተባለውን የስልት ጨዋታ አድሶ በ2012 ባወጣ ጊዜ፣ ብዙ ተጫዋቾች አንድ ዘዴ አገኙ። አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፤ ወታደሮቹን አድፍጠው እንዲጠብቁ ያዛሉ፤ ጠላት ሲመጣ ይተኩሳሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌ ቃል በቃል ፈጸሙት ማለት ይቻላል። በ2016 ሁለተኛው ኤክስኮም ሲወጣ፣ የአሠራሩ መሪ ጄክ ሰሎሞን ይህን አካሄድ ለመስበር በብዙዎቹ ግዳጆች ላይ የተራ ገደብ አደረገ፤ ይህን ያህል ተራ ካለፈ ግዳጁ ይከሽፋል ማለት ነው። ወዲያው ትልቅ ቅሬታ ተነሣ። አንዳንዶቹ «ማሰብ ተከለከልን» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «አሁን ገና ጨዋታው ጨዋታ ሆነ» አሉ። ገደቡን የሚያነሣ ማሻሻያ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው አሰራጩ። በ2017 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ላይም ገደቡን እጥፍ ለማድረግ የሚያስችል ምርጫ ገባ።

ማን ልክ ነበር? እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው። በ2012ቱ ጨዋታ ላይ የነበረው ቀስ ብሎ መሄድ ዋጋ የማያስከፍል ስለ ነበረ፣ ተራው ባዶ ሆኖ ነበር። ገደቡ ያንን ባዶነት ሞላው፤ ነገር ግን የሞላው ከውጭ በመጣ ሰዓት ነው እንጂ ከጨዋታው ከራሱ በወጣ ምክንያት አይደለም። ተጫዋቾቹ ያጉረመረሙት በችኮላው ብቻ አይመስለኝም፤ የሚያስቸኩላቸውን ባለማየታቸውም ጭምር ነው። በጉግስ የሚያስቸኩለው ዘንግ ይታያል። በሰንጠረዥም የሚያስቸኩለው የተቃራኒው እጅ ፊት ለፊት ይታያል።

ሁለተኛው የተጫዋቾች ክርክር ስለ ዕድል ነው። በኤክስኮም ተጫዋቹ ሊተኩስ ሲል የመምታት ዕድሉ በመቶኛ ተጽፎ ይታየዋል። ዘጠና አምስት በመቶ ተብሎ የሳተ ሰው «ተታለልኩ» ይላል። ሒሳቡን ብንሠራ ግን ዘጠና አምስት በመቶ ማለት ከሃያ ተኩስ አንዱ ይስታል ማለት ነው። የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ፣ በሁለተኛው ኤክስኮም በቀላሎቹ ደረጃዎች ላይ ጨዋታው በስውር ለተጫዋቹ የሚያደላ መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ሲስት ውሎ ከሆነ፣ ከተጻፈው ቁጥር የበለጠ ዕድል ይሰጠዋል። እንግዲህ ተጫዋቹ እየታገዘ ሳለ ተበደልኩ ይላል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የአሠራር ሕግ ማውጣት እንችላለን። የተጫዋች አስተያየት ስለ ጨዋታው ውስጣዊ አሠራር ሲሆን ምስክርነቱ ደካማ ነው፤ ስለ ተጫዋቹ ስሜት ሲሆን ግን ከእርሱ የተሻለ ምስክር የለም። «ጨዋታው ያታልላል» የሚለው ቃል ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ «የሆነብኝን አልተቀበልኩትም» የሚለው ግን እውነት ነው። ሐያሲ ሁለቱን መለየት አለበት።

ይህን ቅሬታ በሌላ መንገድ የመለሰ አንድ ጨዋታ አለ። ሰብሴት ጌምስ በሚባል ስም የሚሠሩ ሁለት ሰዎች በ2018 ያወጡት ኢንቱ ዘ ብሪች ነው። ሜዳው እንደ ሰንጠረዥ ሜዳ ስምንት በስምንት ነው። በዚህ ጨዋታ ጠላት ማንን ሊመታ እንዳሰበ አስቀድሞ ይታያል፤ የተጫዋቹ ተግባር ያንን ማክሸፍ፣ ወይም ምቱ በራሳቸው በጠላቶቹ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ዕድል ጨርሶ ባይጠፋም እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የተሸነፈ ሰው የሚወቅሰው ራሱን ብቻ ነው። ብዙ ተጫዋቾች ይህን አመሰገኑ፤ አንዳንዶች ግን «ይህ ጦርነት አይደለም፤ እንቆቅልሽ ነው» አሉ።

ከዚህ የቀጠለው ሦስተኛው ክርክር የክብር ነገር ነው። በነሐሴ ወር 2024 የወጣው ታክቲካል ብሪች ዊዛርድስ የተባለው ጨዋታ፣ ተጫዋቹ ተራውን ከማጽናቱ በፊት ያደረገውን ሁሉ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና እንዲሞክር ይፈቅዳል። በታሪኩ ውስጥም ምክንያት ተሰጥቶታል፤ ከጀግኖቹ አንዱ አንድ ሴኮንድ ወደ ፊት ያያል። በዚህም ላይ የተጫዋቾች አስተያየት በአመዛኙ ምስጋና ነው። ነገር ግን ያው የእንቆቅልሽ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ስሕተት የማያስከፍል ከሆነ ድሉ ምን ክብር አለው?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ክብር የሚገኝበት መንገድ አንድ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ይመስላል። በሰንጠረዥ ደንብ ድል ሁሉ እኩል አልነበረም። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ ድል ቢሆንም ብዙ አያስመሰግንም ነበር፤ በፊል ወይም በፈርዝ መያዝ ይበልጥ ያስከብራል፤ በትንንሾቹ በመደቆች መያዝ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስደንቃል። ስለዚህ ጥሩ ተጫዋች የሚጠይቀው «አሸንፍ ይሆን?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «በማን እጅ ላሸንፍ?» ብሎም ነው። ታክቲካል ብሪች ዊዛርድስም ግዴታ ያልሆኑ ተጨማሪ ግቦች ስላሉት፣ ማሸነፍ የቀለለው ሰው አስቸጋሪውን መንገድ በፈቃዱ ይመርጣል። ክብሩ ስሕተትን ከመፍራት ወጥቶ የድሉን መልክ ከማሳመር ላይ አረፈ ማለት ነው። «እንቆቅልሽ ነው» የሚለው ነቀፋ ይህን ካላየ ግማሽ ፍርድ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ማንም ሰው ያንን አስቸጋሪ መንገድ ሳይመርጥ ጨዋታውን ሊፈጽም ስለሚችል፣ ነቀፋው ሙሉ በሙሉ ውድቅ አይደለም። በሰንጠረዥ ዙሪያ ድሉን የሚመዝን ሰው ነበረ፤ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ግን የሚመዝንለት ራሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከላይ ያነሣሁት የፕሌይስቴሽን ቤት እንደገና ይታወሰኛል። እዚያ ቆመው የሚያዩት ሰዎች ዳኞች ናቸው። የስልት ጨዋታ በከተማችን ሥር ያልሰደደበት አንዱ ምክንያት መንቀራፈፉ ሳይሆን ዳኛ ማጣቱ ይመስለኛል። ሰው ተራውን በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ድሉን የሚያይለት ሰው ማጣትን ግን አይወድም።

እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ አንድ የሚያሳዝን ነገር ያስታውሰናል። ስለ ሰንጠረዥ የምናውቀውን አብዛኛውን የምናገኘው ከውጭ አገር ጸሐፊዎች ነው። የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ እንደሚጫወቱ ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ጠቅሷል። ዋልተር ፕላውዴን ስለ ጨዋታው የጻፈው፣ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ታሪኩንና ደንቡን ሰብስቦ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አቀረበ። ለእነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ደንቡ ሲጻፍ ፍርዱ ሳይጻፍ ቀረ። ተጫዋቹ በራሱ ቋንቋ ስለ ወረራው ፍጥነት ምን ይል እንደ ነበረ፣ በመደቅ የተሸነፈ ሰው ምን እየተባለ ይቀለድበት እንደ ነበረ፣ የትኛው አሰላለፍ ድፍረት የትኛው ፍርሃት ይባል እንደ ነበረ በዚያው ልክ አልተመዘገበልንም። ደንቡን አንብበን ሠራዊቱን መደርደር እንችላለን፤ የሰንጠረዥ ተጫዋች ግን መሆን አንችልም።

ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በጥናት ጽሑፎቻችን ውስጥ ቁጥር የምንደረድርበትን መደብ ነው። የጨዋታው ስም ወደ ጥናታችን ገባ፤ ጨዋታው ግን ውጭ ቀረ።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ኩኩሉንና ገበታን ለስልክ የሠራው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ እንዳሳየን፣ የአገራችን ሰዎች ጨዋታ መሥራት ይችላሉ። ነገ አንዱ ሰንጠረዥን ከነወረራው በስልክ ላይ ቢያወጣ፣ ወይም ሌላው የጉግስን ስልት በተራ ቢሠራ፣ ሥራው የሚሻሻለው ሐቀኛ ፍርድ ሲያገኝ ነው። ፍርዱ ደግሞ «ይንቀራፈፋል»፣ «ያታልላል»፣ «እንቆቅልሽ ነው» በሚሉት ሦስት ቃላት ብቻ መቅረት የለበትም። በቆሰበር የምንማር ተማሪዎች የስልት ጨዋታ የሚጫወቱ ጓደኞቻችንን፣ እንደዚሁም የጉግስ ፈረሰኞችን እየጠየቅን፣ ስለ ተራ፣ ስለ ዕድልና ስለ ድል የሚሉትን በራሳቸው ቃል፣ በአማርኛም በአገውኛም፣ እንመዝግብ። የጉግስ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ሜዳውም ከከተማችን ውስጥ ነው። በሰንጠረዥ ያመለጠን ነገር በጉግስ እንዳያመልጠን ጊዜው አሁን ነው።