ከዝውውሩ በኋላ ያለው አፕዴት

አንድ አፕ ወደ ሌላ የገንቢ አካውንት ሲዛወር ደንበኛው ሥራው አለቀ የሚለው ስሙን ገጹ ላይ ሲያይ ነው። ለእኔ ግን የሚያልቀው የመጀመሪያው አፕዴት ነባሮቹ ተጠቃሚዎች ስልክ ላይ በሰላም ሲያርፍ ነው። ዝውውሩ ራሱ ቅጽ መሙላት ነው። ኮከቡም አስተያየቱም አብሮ ይሄዳል፤ ተጠቃሚው አይሰማውም።

አንድሮይድ ላይ ወሳኙ ፊርማው ነው። ስልኩ አዲሱን በአሮጌው ላይ የሚጭነው ሁለቱም በአንድ ቁልፍ ከተፈረሙ ነው፤ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2021 ወዲህ ጎግል ፕሌይ ላይ የሚወጡ አዳዲስ አፖች ቁልፋቸው ጎግል ዘንድ ስለሚቀመጥ ጭንቀቱ ቀሏል። ከዚያ በፊት ወጥቶ ወደዚህ አሠራር ያልገባ አፕ ግን ቁልፉ የሠራው ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ያለ አንድ ፋይል ነው። ፋይሉና ፓስወርዱ በርክክብ ሰነዱ ላይ ይጻፉ፤ ከጠፉ ዕጣው በሌላ የፓኬጅ ስም ከዜሮ መጀመር ነው።

አይፎን ላይ ያለው ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ዘግይቶ ነውና የሚመጣው። አፕል ለእያንዳንዱ አካውንት ቲም አይዲ ይሰጣል፤ ኪይቼይን ውስጥ የተቀመጠው የመግቢያ መረጃም የታሰረው ከእሱ ጋር ነው። በዝውውሩ ዕለት ሁሉም ይሠራል። በአዲሱ መለያ የተፈረመው አፕዴት ሲገባ ግን አፑ የድሮውን መረጃ ማንበብ ያቅተዋል፣ ሰዉም እንደገና ግባ ይባላል። ፓስወርዱን የረሳ፣ የተመዘገበበትን ሲም ካርድ የቀየረ ሰው በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ዝውውሩ ሳይጀመር፣ በአሮጌው አካውንት፣ ስልክ ቁጥርና ኢሜይል የሚያረጋግጥ አፕዴት እንዲወጣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። በአፕል መለያቸው የሚገቡትንም ወደ አዲሱ ቲም ለማሻገር ያለው ጊዜ 60 ቀን ብቻ ነው። የኖቲፊኬሽን ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ መቀየሩንም ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መልእክት መድረስ ሲያቆም ነው።

ባዶ ስልክ ላይ መሞከር ከዚህ አንዱንም አያሳይም። ከስቶሩ የወረደ፣ ሰው ገብቶበት የቆየ አሮጌ ቅጂ ያለበት ስልክ ያስፈልጋል፤ አዲሱ የሚሞከረው በእሱ ላይ ተጭኖ ነው።

ከዝውውሩ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው አፕዴት አዲስ ነገር ሊይዝ አይገባም ባይ ነኝ። አንድ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱ ዝውውሩ ይሁን አዲሱ ኮድ መለየት አለብኝና። አፕ ስቶር ላይ በ7 ቀን የሚዳረሰውን አወጣጥ እመርጣለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን የሚደርሰው ለ1 በመቶው ነው። በእነዚያ ቀናት ሰርቨሩ ላይ ስንት ሰው እንደገና እንደገባ፣ ስንቱ በር ላይ እንደቀረ እከታተላለሁ፤ የቀሩት ከበዙ ሥርጭቱን አቆመዋለሁ።