ዐይነ ርግብና ጨዋነት፤ በቃሲም አሚን መጽሐፍ ላይ የቀረበ ትችት

ግብፃዊው ዳኛ ቃሲም አሚን በ1899 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «ሴትን ነፃ ማውጣት» የተባለውን መጽሐፋቸውን በዐረብኛ ባሳተሙ ጊዜ በካይሮ ብርቱ ክርክር ተነሣ። በኋላ የምስርን ባንክ የመሠረቱት ጠልዐት ሐርብ ሳይቀሩ የመቃወሚያ መጽሐፍ ጻፉ። ብዙዎች መጽሐፉን «ሴት መሸፈኛዋን ትጣል» የሚል አድርገው ያወሩለታል፤ ቃሉ ግን ከዚህ የለዘበ ነው። የደራሲው አሳብ፥ ፊትን መከናነብ ልማድ እንጂ የሸሪዓ ግዴታ አይደለም የሚል ነው።

ከመጽሐፉ ሁሉ ጠንካራ ሆኖ ያገኘነው የዳኝነት ሥራቸው የሚታይበት ክፍል ነው። ፊቷ ያልታየ ሴት ስትዋዋል ወይም ስትመሰክር ማንነቷ በምን ይረጋገጣል? ደግሞስ መሸፈኛው ፈተናን ለመከላከል ከሆነ፥ ወንዶች እንዲሸፈኑ ለምን አልታዘዙም? ሲሉ ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ የጨዋነትን ሸክም ከሴቲቱ ትከሻ አንሥቶ ለሁለቱም ያካፍላል።

ጉድለቱ ግን ከዚሁ ይጀምራል። ደራሲው ስለ ሴቶች ለወንዶች ይጽፋሉ፤ የግብፅንም ሴት በንቀት እየሣሉ አውሮፓን መለኪያ ያደርጋሉ። ሌይላ አሕመድ በ1992 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነቅፈዋል፤ መሸፈኛን የኋላ ቀርነት ምልክት ያደርጉ የነበሩት እንግሊዛዊው ሎርድ ክሮመር በገዛ አገራቸው የሴቶችን የምርጫ መብት ይቃወሙ እንደነበር አስታውሰዋል። ከዚያ አስቀድሞ መልክ ሒፍኒ ናሲፍ (1886-1918) ተሸፈኚም ተገለጪም እያለ የሚያዘው ወንድ መሆኑን ተቃውመው፥ ትምህርት ይቅደም ብለው ነበር።

ታሪክ የፈረደው ለእሳቸው ይመስለናል። በ1923 ሁዳ ሸዕራዊና ሳይዛ ነበራዊ ከሮማ የሴቶች ጉባኤ ሲመለሱ በካይሮ ባቡር ጣቢያ ፊታቸውን የገለጡት በገዛ ፈቃዳቸው ነበር። በኢራን ግን ሬዛ ሻህ በ1936 መሸፈኛን በዐዋጅ ከለከሉ፥ ፖሊስም ከሴቶች ራስ ላይ ገፈፈ፤ ከ1979 አብዮት በኋላ ደግሞ መሸፈን ግዴታ ሆነ። ዐዋጆቹ ተቃራኒ ናቸው፤ አዛዡ ግን በሁለቱም ጊዜ ሴቲቱ አልነበረችም። በ1970ዎቹም ብዙ የግብፅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የእናቶቻቸው ትውልድ የተወውን የራስ መሸፈኛ መልሰው ለበሱ።

እኛም ይህን መጽሐፍ ስናነሣ፥ የተከናነበችውን ኋላ ቀር፥ የተገለጠችውን የሠለጠነች ማለት ይቀናን ነበር። ጨዋነትን በጨርቅ ርዝመት መለካት የሚሸፍነውም የሚገልጠውም ወገን የጋራ ስሕተት መሆኑን የተረዳነው በኋላ ነው። ቃሲም አሚን ጥያቄውን በሚገባ ጠየቁ፤ መልሱን ግን ለባሿን ሳይጠይቁ ሰጡ። ስለዚህ መጽሐፋቸው ይነበብ እንላለን፤ ከጎኑ ግን የመልክ ሒፍኒ ናሲፍ ጽሑፍ አይታጣ።