የጣና ዳርቻ በካሜራ ፊት፦ ከወራሪው የዜና ፊልም እስከ «ጤዛ»

በዓለም ላይ የፊልም መናኸሪያ ተብለው የሚታወቁ ሠፈሮች የተፈጠሩበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። የሎስ አንጀለሱ ሆሊውድ እ.ኤ.አ. ከ1910ዎቹ አንሥቶ የፊልም ኩባንያዎችን የሳበው ዓመቱን ሙሉ በማይጓደለው የፀሐይ ብርሃን፣ እንዲሁም ተራራውን፣ በረሃውንና ውቅያኖሱን በአጭር ጉዞ ለማግኘት በመመቸቱ ሲሆን፣ የሮማው ቺኔቺታ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1937 ሙሶሊኒ በተገኘበት ሥነ ሥርዓት የተመረቀ፣ የፋሺስቱ መንግሥት የሀገሩን ሲኒማ በአንድ ቅጥር ግቢ ሰብስቦ ለመምራት ያሠራው የስቱዲዮ ከተማ ነበር። ባሕር ዳርና የጣና ሐይቅ ዳርቻ በዚህ ሚዛን የፊልም መንደር አይደሉም። ሆኖም ሐይቁ፣ ደሴቶቹና በዙሪያው ያሉት ከተሞች ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ በካሜራ ፊት ቆመዋል፤ በኢትዮጵያ ሲኒማ ውስጥ ያላቸው ቦታም መመዘን የሚገባው ማን፣ ከየት ቆሞ፣ ለማን ብሎ ቀረጻቸው በሚለው ጥያቄ ነው።

በአኪሌ ስታራቼ የተመራው የፋሺስት ፈጣን ጦር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ይዞ ወደ ጣና ዳርቻ በወረደበት ዘመቻ ወቅት፣ ኢስቲቱቶ ሉቼ የተባለው የጣሊያን መንግሥት የፊልም ተቋም የምሥራቅ አፍሪካውን ጦርነት ለዜና ፊልም ይቀርጽ ነበር። የዜና ፊልም ማለት ቴሌቪዥን ባልነበረበት ዘመን በየሲኒማ ቤቱ ከዋናው ፊልም በፊት የሚታይ አጭር ዘገባ ነው። በእነዚህ ዘገባዎች ውስጥ የኢትዮጵያ ምድር የሚታየው እንደ ተያዘ ርስት ነው፤ መንገድ ይጠረጋል፣ ድልድይ ይዘረጋል፣ ሰንደቅ ይሰቀላል፤ የሀገሬው ሰው ግን ወይ እጅ የሚነሣ ወይ የሚሠራ ስም የለሽ ሆኖ በዳር ያልፋል። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎርጎራ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ወራሪው ያቆመው የድንጋይ ሐውልት የዚያው እይታ ቅሪት ነው። ጎርጎራ ከዚያ በፊት የራሷ ረጅም ታሪክ ነበራት፤ አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚሁ አካባቢ መናገሻ ሠርተዋል፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ግንብ ገንብተዋል፣ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳም በሥዕል እንደ ተሸፈነ ዛሬ ድረስ አለ። ሐውልቱ ይህን ሁሉ ከላይ ቁልቁል እንዲያይ ሆኖ መተከሉ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

የባሕር ዳር የዛሬ መልክ የተቀረጸው ከነጻነት በኋላ ነው። ጥንታዊውን የባሕር ዳር ጊዮርጊስን ደብር ተጠግታ የኖረችው ትንሽ ከተማ በ1950ዎቹ በጀርመናዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ በማክስ ጉተር በተነደፈው ማስተር ፕላን መሠረት ሰፊ፣ ዘንባባ የተተከለባቸው መንገዶች ተዘረጉላት። ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሣ እ.ኤ.አ. በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተ፤ በሶቪየት ኅብረት ርዳታም እ.ኤ.አ. በ1963 ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫም ከዓመት በኋላ ሥራ ጀመረ። ወራሪው ከፍሎት በሄደው ካሣ የተተከለ ፋብሪካ የከተማዋን የሠራተኛ መደብ መፍጠሩ ብቻውን ለአንድ ረጅም ፊልም በቂ ጉዳይ ነው።

የአማርኛ ሲኒማ ግን ቤቱን የሠራው አዲስ አበባ ላይ ነው። በላምብሮስ ጆካሪስ አዘጋጅነት በ1957 ዓ.ም. የቀረበው «ሂሩት አባቷ ማነው?» የመጀመሪያው የሀገሪቱ ባለ ሙሉ ርዝመት ልብ ወለድ ፊልም ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ መሣሪያውም፣ ተዋናዩም፣ ሲኒማ ቤቱም በመዲናይቱ እንደ ተከማቹ ቀሩ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ዲጂታል ካሜራ የፊልሙን ቁጥር ሲያበዛውም ታሪኩ ባመዛኙ ከቦሌ ቪላ ሳሎንና ከካፌ በረንዳ አልራቀም። በዚህ ሁኔታ ጣና የሚታሰበው ለእረፍት ነው፤ ፍቅረኞቹ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ በሐይቁ ዳር ይራመዳሉ፣ ጀልባ ይሳፈራሉ፣ ከዚያ ታሪኩ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። የሙዚቃ ክሊፖችም ይህንኑ ልማድ አጽንተውታል። በአንድ ብር ኖት ጀርባ ታትሞ ሀገር ሁሉ የሚያውቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ውሃው ለኃይል ማመንጫ እየተጠለፈ ፏፏቴው በበጋ እጅግ ሲሳሳ፣ በምስል የሚዞረው ግን ሁልጊዜ የክረምቱ ሙላት ነው። ሥፍራን እንዲህ ለጌጥ ብቻ መጠቀም ሐይቁን ከነዋሪው ይነጥለዋል።

ይህን ልማድ የሰበረው ሥራ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር የተወለደው ኃይሌ፣ ስለ ጎንደር አርበኞች ተጋድሎ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የደረሱት የገሪማ ታፈረ ልጅ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥበብ ተምሯል፤ ሆሊውድ ጥቁሮችን የሚስልበትን መንገድ በመቃወም የራሳቸውን ሲኒማ ከሠሩት ጥቁር ተማሪዎችም አንዱ ነበር። ሆሊውድን በቅርብ አይቶ ጀርባውን የሰጠ ባለሙያ ለትልቁ የአማርኛ ሥራው የተወለደበትን አገር ሐይቅ መምረጡ ልብ ሊባል ይገባል። ለፊልሙ ገንዘብ ማሰባሰብ ብቻ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ፣ በተከታዩ ዓመት በዋጋዱጉ በሚካሄደው ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የወርቅ ፈረስ የተባለውን ሽልማት ወስዷል።

የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ አንበርብር በጀርመን ተምሮ፣ የአብዮቱን ዘመን አዲስ አበባ ላይ አሳልፎ፣ እግሩን አጥቶ በደርግ ማክተሚያ ወደ እናቱ መንደር የተመለሰ ምሁር ነው። መንደሩ ያለው በጣና ዳርቻ ነው። ሐይቁ በዚህ ፊልም ውስጥ ለጌጥ አይቀርብም፤ አንበርብር የጠፋበትን ትዝታ የሚፈልገው በውሃው ዳር ተቀምጦ ነው፤ የመንደሩ ወጣቶች ከጦርነቱ አፈሳ ለማምለጥ የሚሸሸጉበት ዋሻም የዚሁ መልክዐ ምድር አካል ነው። ፊልሙ ያለፈውንና የአሁኑን ጊዜ በቅደም ተከተል አይተርክም፤ የሐይቁ ጸጥታ በድንገት በጀርመን ጎዳና ወይም በአዲስ አበባ ስብሰባ ይቋረጣል፣ ከዚያም ተመልካቹ ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ዳርቻው ይመለሳል። አንዳንድ ተመልካቾች ይህን ግራ የሚያጋባ ሆኖ አግኝተውት ይሆናል፤ ነገር ግን የተሰበረ አእምሮ ትዝታ በቀጥታ መስመር ስለማይሄድ የፊልሙ ቅርጽ ከባለ ታሪኩ ሁኔታ ጋር ፍጹም የተስማማ ነው።

በዚህ ረገድ እጅግ ብርቱው ክፍል ሰዎቹ የሙሶሊኒን ስም የሚያነሡበት፣ የወራሪው ሐውልት የሚታይበት ተራራ ነው። ኢስቲቱቶ ሉቼ በካሜራ፣ ፋሺስቱ ጦር በድንጋይ ሊጽፉት የሞከሩት ታሪክ በ«ጤዛ» ውስጥ በመንደሩ ልጅ ዓይን ተገልብጦ ይነበባል፤ ሐውልቱ የድል ምልክት መሆኑ ቀርቶ፣ አንዱ ግፍ ሳይሽር ሌላው የሚደራረብባት ሀገር ቁስል ማሳያ ይሆናል። አባት በመጽሐፍ የመዘገበውን ተጋድሎ ልጅ በፊልም ቋንቋ ቀጥሎበታል ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ ሲኒማ ውስጥ አንድ የቀረጻ ሥፍራ፣ በሙያው አጠራር ሎኬሽን፣ የታሪክ ክርክር ይህን ያህል የተሸከመበት ሌላ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

ሥዕልን በተከታታይ አስተካክሎ መተረክ ለጣና ዳርቻ እንግዳ ሙያ አይደለም። በዘጌ ልሳነ ምድር በሚገኘው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ዙሪያ የክርስቶስ ሕማማት፣ የእመቤታችን ተአምራትና የሰማዕታት ገድል ከላይ እስከ ታች በረድፍ ተሥለዋል፤ ብዙዎቹ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ታሪኩን ለመከታተል ምእመኑ ራሱ መዞር አለበት፤ በቅድስቱ ውስጥ ሲራመድ አንዱ ትዕይንት አልፎ ሌላው ይመጣል፤ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን ገጽ በአንድ ዓይን ስለሚሣሉም ያልተማረው እንኳ ማን ማን እንደ ሆነ ወዲያው ይለያል። ይህን የሲኒማ አባት አድርጎ ማቅረብ የተጋነነ ነው። ሆኖም ለዚህ አካባቢ ፊልም የሚሠራ አዘጋጅ ምስልን ማንበብ ከቤተ ክርስቲያን የለመደ ተመልካች እንዳለው ማወቁ ይጠቅመዋል።

የሚቀረው ሥራ በራሷ በባሕር ዳር ከተማ ላይ ነው። የክልሉ ብዙኃን መገናኛ ተቋም መቀመጫው እዚያ በመሆኑ የካሜራና የምስል ቅንብር ሙያተኛ በከተማዋ አለ፤ የሙሉዓለም የባህል ማዕከልም የመድረክ ሰዎችን አሰልፏል። ካሜራው ግን ሲወጣ በአብዛኛው የሚያመራው ወደ ጀልባ ማረፊያው፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ወደ ተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ ነው። ከዚያው ዳርቻ ጥቂት እልፍ ሲባል የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ በጥቅል በጥቅል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ፤ ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየቀኑ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። በክሊፕ ላይ ለሁለት ሰኮንድ ብቅ የሚለው ያው ታንኳ ነው፤ የሠራው እጅ፣ እንቦጭ የተባለው አረም የደንገሉን ሥፍራ እየወረረ መምጣቱ፣ ማኅበረሰቡ በከተማዋ መስፋፋት የደረሰበት መገፋት ከፍሬሙ ውጭ ይቀራል። የ«ጤዛ»ን መንገድ ለመከተል የሚሻ የባሕር ዳር ፊልም ሠሪ ከዚህ ማኅበረሰብ ቤቶችና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የፈረቃ በር ቢነሣ፣ ለቀረጻው ከከተማዋ መውጣት አያስፈልገውም።