ካድሬ ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ዳንግላ፣ ገበያው ዳር ቡና ስጠጣ አንድ የግብርና ባለሙያ ለገበሬዎች ስለ አፈር ሲያስረዳ ሰማሁ። አሲዳማ መሬት ኖራ ካልተደረገበት ማዳበሪያው ብቻውን እምብዛም አይረዳም ይላል። እውነቱን ነው፤ አዊ ውስጥ በአሲድ የተጠቃው መሬት ብዙ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አባት ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ተወው ልጄ፣ ካድሬ ነው» አሉኝ። በቃ፣ የኖራው ነገር እዚያው ቀረ።

ቃሉ የፈረንሳይ ነው። «ካድር» የሥዕል ክፈፍ ማለት ነው፤ ቆይቶ የአንድ ጦር መኮንኖችና የበታች ሹማምንት መጠሪያም ሆነ። ዛሬ ፓሪስ ውስጥ አንዲት እናት «ልጄ ካድር ሆነ» ብትል የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነልኝ ማለቷ ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ ትባላለች። እኛ ዘንድ ግን በ1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ከታወጀ ወዲህ ካድሬ ሕዝብ ሰብስቦ የሚያነቃ፣ የሚቆጣጠርም ሰው ሆነ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ቃሉ አልወደቀም።

አሁንማ ስድብ ነው። ነገሩ ያልጣመንን ሰው ሁሉ ካድሬ ብለን ከመስማት እንገላገላለን። ይሄ ስንፍና ነው። ሆኖም አባትየው ላይ ብቻ አልፈርድም። የግብርና ባለሙያን አንድ ቀን መዋጮ አሰባሳቢ፣ ሌላ ቀን የምርጫ ቀስቃሽ እያደረጉ ልከውባቸው ከኖሩ፣ ስለ ኖራ የመጣ ዕለት በምን ይለዩት? መጀመሪያ ባለሙያው ለሙያው ይተውለት። ያን ጊዜ ገበሬውን ለምን አልሰማህም ብለን ብንወቅሰው ያምርብናል።